ምክር የሳመው ልጅ

እኔ ሳልናገር የዋልኩበት ቀን የለም። አዳማ ገበያው አጠገብ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ የምሸጥባት አንዲት ሱቅ አለችኝ፤ ልብስ ሰፊዎቹ አንድ ክር ሊገዙ መጥተው ግማሽ ሰዓት ቆመው የሚሄዱት ለክሩ ብለው አይደለም። የሰፈሩን ወሬ፣ የኑሮውን ነገር፣ የባጃጅ ሾፌሮቹን ጠብ ሁሉ ከእኔ ይሰማሉ። እንግዲህ እንዲህ ላለችው ሴት እግዜር ምን ሰጣት? መስማት የማትችል ልጅ። ወይ ቀልድ! መጀመሪያ ሰሞን አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም። አሁን ሳስበው ግን ብቻዬን እስቃለሁ።

ልጄን የወለድኳት ቡልቡላ ነው። ቤታችን አስፋልቱ ዳር ስለነበረ ወደ ሐዋሳ የሚወርደው ከባድ መኪና ሁሉ በራፋችን ላይ ክላክሱን ይነፋል። የጎረቤት ሕፃን በሙሉ ሲባንን የእኔዋ ጥቅልል ብላ ትተኛለች። "ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት!" እያልኩ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ። ጨዋነቱ ምን እንደሆነ የነገረኝ ከዓመት በኋላ ሐኪም ነው። ከዚያ ጠበሉም ተሞከረ፣ መድኃኒቱም ተሞከረ፣ የጎረቤት ምክርማ ተትረፈረፈ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት አዳማ ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ልዩ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት አለ ተባለና ጓዛችንን ጠቅልለን መጣን። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ስለሚጭን አዳማ ለእሱም ቀረበው።

ልዩ ክፍሉ ውስጥ ልጄ አንደበቷ ተፈታ። ይኼን ስል ሰው ይስቅብኛል፤ ግን ሌላ ምን ልበለው? ጠዋት ዝም ያለች ልጅ ሸኝቼ፣ ከሰዓት በሁለት እጇ የምትለፈልፍ ልጅ ተቀበልኩ። መምህርቷ የምልክት ቋንቋ ኮሌጅ ገብታ የተማረች ወጣት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እኛን ወላጆቹን ሰብስባ ታስተምረን ነበር። እኔ አንድም ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም። ልጄ የምታወራው ነገር እያለ እኔ ሳይገባኝ ልቅር? እንዴት ተደርጎ!

መስማት የተሳናቸው ሰዎች እርስ በርስ በምልክት ነው የሚጠራሩት። ከሰውዬው ጠባይ ወይም ከመልኩ አንድ ነገር ይመርጡና ስም ያወጡለታል። መምህርቷ ጉንጯ ላይ ስርጉድ ስላላት፣ ጣትን ጉንጭ ላይ ማስቀመጥ የእሷ ስም ነው። ያምራል አይደል? የእኔን ደግሞ ልጆቹ ተሰብስበው አወጡልኝ። አውራ ጣትና አመልካች ጣትን አፍ አጠገብ አድርጎ ከፈት ገጠም፣ ከፈት ገጠም። "ለፍላፊዋ" ማለት ነው። ድምፄን አንድ ቀን እንኳ ሳይሰሙ! ተቀየምኩና ለመምህርቷ ብነግራት ከሳቋ የተነሳ መልስ መስጠት አቃታት።

ነገሩ የመጣው አምስተኛ ክፍል ላይ ነው። ልዩ ክፍሉ እስከ አራተኛ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ልጆቹ ከሚሰሙት ጋር ተቀላቅለው ይማራሉ። "አካቶ" ይሉታል። ስሙ ደስ ይላል፤ ያካተተው ግን ወንበሯን ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ደብተሯን ገለጥኩ። ቀኑ ተጽፏል፣ ርዕሱ ተጽፏል፣ ከዚያ በኋላ ነጭ ወረቀት። ቀጣዩን ገለጥኩ፤ ቀን፣ ርዕስ፣ ነጭ ወረቀት።

"ምነው?" አልኳት።

"መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ነው የሚያወራው" አለችኝ በእጇ፤ "የጀርባ ንግግር አልችልም።"

በነጋታው ገና በሩ ሳይከፈት ትምህርት ቤት ደረስኩ። ርዕሰ መምህሯ በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ንዴቴን ከሩቅ ሲያዩ "አካም ጅርቱ!" ብለው ወንበር ሳቡልኝ። በኦሮምኛ ሰላምታ መሃል ተቆጥቶ መቆየት ደግሞ ከባድ ነው። አንዱን "ነጋ"፣ ሰላም ነው ብለሽ ስትመልሺ ሌላው ይመጣል፤ ቤቱ ደህና ነው? ልጆቹ ደህና ናቸው? ከብቱ ደህና ነው? ከብት የለኝም፤ ቢሆንም ደህና ነው አልኩ። ሰላምታው ሲያልቅ ግማሹ ንዴቴ በኖ ነበር። የቀረኝን ግማሽ ይዤ ጀመርኩ።

"አስተርጓሚ ይቀጠርላት!"

"ጠይቀናል። በጀቱ ገና አልመጣም።"

"እስኪመጣ ድረስ ልጄ ነጭ ወረቀት ታጥና?"

"የልዩ ክፍሏን መምህርት እንዳልልክ የራሷን ልጆች ለማን ትተዋቸው? ምን ላድርግ ይላሉ?"

"እኔው ራሴ እገባለኋ!" አልኩ።

ይኼ ምላሴ! ለነገር ማጠንከሪያ ያህል ነበር እኮ የተናገርኩት። ሰውነቴ ሁሉ "ኧረ ተይ" እስኪለኝ ድረስ ርዕሰ መምህሯ መዝገባቸውን ገልጠው "በጣም ጥሩ። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ይምጡ" ብለው ጻፉኝ። እንዲህ ሆኜ ነው ሱቄን ጠዋት ጠዋት እየዘጋሁ፣ በአርባ ዓመቴ አምስተኛ ክፍል የገባሁት።

ክፍሉ ውስጥ ስልሳ ምናምን ልጅ አለ። ሰሌዳው አጠገብ ወንበር ተሰጠኝ፤ ፊቴ ወደ ልጄ፣ ጆሮዬ ወደ መምህሩ። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳውን ያየ ልጅ አልነበረም፤ ሁሉም እጄን ነበር የሚያዩት። እጄ ፈጣን ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ቁልፍ ሲለቅም የኖረ እጅ ነው። ችግር የፈጠረችው የእጁ ባለቤት ናት። የሳይንስ መምህሩ "ሳንባ ሁለት ነው" ሲል እኔ "ሳንባ ሁለት ነው፤ ይኼ ሰውዬ ግን ሸሚዙን የሚተኩስለት የለም እንዴ?" እላታለሁ። የሒሳብ መምህርቷ ስትቆጣ ቁጣዋን ከነምክንያቱ ነበር የምተረጉመው፤ ምክንያቱን የማመጣው ከራሴ ነው። አንድ ቀን የሳይንስ ደብተሯን ባይ "ሳንባ ሁለት ነው። ሸሚዝ አልተተኮሰም" ይላል።

"ሸሚዙን መምህሩ ነው ያለው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አይ፣ እኔ ነኝ።"

"እሱ የሚያልቅበትንና አንቺ የምትጀምሪበትን አሳዪኝ" አለችኝ፤ ተናዳለች።

መጨመሩስ ይሁን፣ መቀነሱ ነው የባሰው። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች የሚሉትን ሁሉ እሰማለሁ። አንዱ ልጄን "ዲዳዋ" ይላታል። ሌላው ለመምህሩ ቅጽል ስም አውጥቶለት ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ልጄ ዞር ዞር ትልና "ምን ተባለ?" ትለኛለች። "ምንም፤ የማይረባ ነገር" እላታለሁ። ስድቡንም አስቀራለሁ፣ ቀልዱንም አስቀራለሁ፤ ከቁልፍ ካርቶን የተሰበረውን ለቅሜ እንደማወጣው ማለት ነው። እናት አይደለሁ? ክፉ ነገር በእኔ እጅ እንዴት ልጄ ጋ ይድረስ? እሷ ግን ሌሎቹ ስቀው ሲጨርሱ ፊታቸውን አይታ ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። አይቻለሁ። እያየሁ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። የአማርኛ መምህሩ ቀጠን ያለ፣ ቀይ እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ የማይጠፋ ወጣት ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስህተት ግን ማለፍ አይሆንለትም። በዚያን ቀን ቃለ ጽሕፈት ነበር። እሱ አምስት ዓረፍተ ነገሮች ያነባል፣ ልጆቹ የሰሙትን ይጽፋሉ፣ ከአሥር ይታረማል። የሚሰሙት ልጆች በጆሯቸው፣ ልጄ በእኔ ጣት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። "ሰማ" የሚለው ቃል የራሱ ምልክት አለው። ቃለ ጽሕፈት ግን የሚፈልገው ፊደሉን ነውና፣ ቃሉን በጣት ፊደል አንድ በአንድ ማሳየት ነበረብኝ። የጣት ፊደል እንደ ገበታው ነው። ለሰ ቤት በሙሉ አንድ የእጅ ቅርጽ፣ ለመ ቤት በሙሉ ሌላ የእጅ ቅርጽ አለ። ሰ ይሁን ሱ፣ ሳ ይሁን ሶ የሚለየው እጅ በሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው። ግዕዙ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ሌሎቹ የየራሳቸው አካሄድ አላቸው። እንግዲህ እጅን አቁሞ ሰ፣ ከዚያ አንቀሳቅሶ ማ ሲሉ "ሰማ" ይሆናል። የመጀመሪያውን አንቀሳቅሰው ሁለተኛውን ያቆሙ እንደሆነስ? "ሳመ"።

አራተኛው ዓረፍተ ነገር "ልጁ የእናቱን ምክር ሰማ" የሚል ነበር። ልክ በዚያች ሰዓት ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ባሌ ይሆን ደንበኛ ይሆን እያልኩ ልቤ ወደዚያ ሄደ። እጄ መቆም ያለበት ላይ ተንቀሳቀሰ፣ መንቀሳቀስ ያለበት ላይ ቆመ። ልጄ ግንባሯን ቋጥራ አየችኝና ድገሚው አለችኝ። ደገምኩላት፤ ያንኑ። ትከሻዋን ሰበቅ አድርጋ ጻፈች።

በነጋታው መምህሩ ወረቀቱን ይዞ መጣ። "አንድ ደስ የሚል ዓረፍተ ነገር ላንብብላችሁ" አለ። "ልጁ የእናቱን ምክር ሳመ! እንዴት አድርጎ ነው የሳመው? ጉንጩን ነው ወይስ ግንባሩን?" ክፍሉ ተገለበጠ። ጠረጴዛ የሚደበድብ፣ በአየር ላይ የሚስም፣ ምን ያልሆነ አለ! መምህሩ ስም አልጠራም፤ ወረቀቱን ግን ወስዶ ልጄ ፊት አስቀመጠው።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወዲያው ነው የገባኝ። ልጄ በቀይ የተከበበውን ቃል አየች፣ የሚስቁትን አየች፣ እኔን አየች።

"ምን ተባለ? ምን ሆነው ነው?"

እጄን አነሳሁ። እውነቱን ለመናገር እኮ ነው ያነሳሁት። እጄ ግን "አንድ ልጅ ከወንበሩ ወደቀ" አላት።

ዞራ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችው። "የታለ?"

"ተነስቷል" አልኳት።

ለነገሩ የአማርኛችንም ጥፋት አለበት። "የሚሰማ" እና "የሚስም" በፊደል አካሄድ ብቻ ተለያይተው ይኖራሉ? እስካሁን ስንቱ ሊሰማ ሄዶ ስሞ እንደተመለሰ ማን ያውቃል! እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳጽናና ደወሉ ተደወለ። መምህሩን ኮሪደር ላይ ጠብቄ አጣደፍኩት። የልጅ ወረቀት በአደባባይ ይነበባል ወይ? አንተ ልጅ የለህም ወይ? አካቶ የምትሉት ይኼ ነው ወይ? ያልኩት ሁሉ ልክ ነበር፣ አሁንም አልጸጸትም። አንዲት ነገር ብቻ ቀረች፤ "ሳመ ያልኳት እኔ ነኝ" የምትለዋ። ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥታ ነበር። ዋጥኳት። ይህን ያህል ዘመን ስለፈልፍ አንድም ነገር ውጬ የማላውቅ ሴት፣ ልውጥ ብዬ ልውጥ ብዬ የመረጥኩት ይኼንን ነው።

መምህሩ ጆሮው ድረስ ቀልቶ "እትዬ፣ ማንበቤ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን "ቢሆንም ልጅቷ የቃላት ትርጉም አልያዘችም። 'ሰማ' እና 'ሳመ'ን ያልለየች ልጅ አምስተኛ ክፍል ምን ትሠራለች? አራተኛን ብትደግም ነው የሚሻላት። ለርዕሰ መምህሯ አቀርባለሁ" አለ።

ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ ከእኔ እኩል ደርሷል። አራተኛ መመለስ ማለት ወገቧ ላይ ከሚደርሱ ሕፃናት ጋር፣ ጉልበቷ በማይገባበት ወንበር ላይ መቀመጥ ማለት ነው። ከእሷ በፊት እንደዚሁ የተመለሰች አንዲት ልጅ ነበረች። አንድ ወር ያህል መጣች፣ ከዚያ ሳምንት እየዘለለች መጣች፣ ከዚያ ቀረች። አሁን ቤት ናት። ይኼን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገ አለ።

አጠገቧ የምትቀመጥ አንዲት የምትሰማ ልጅ አለች። የጣት ፊደሉን በሁለት ሳምንት ነው የለመደችው፤ ለፈተና መኮራረጃ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ይልመድባት። ያቺ ልጅ በዚያው ረቡዕ ለልጄ ሁሉንም ነገረቻት። የተሳቀው በምን እንደሆነ፣ ማንም ከወንበር እንዳልወደቀ፣ ሁሉንም። ቤት እንደገባን ልጄ ቦርሳዋን ሳታወርድ ፊቴ ቆመችና በጣቷ ቀስ አድርጋ ሳ፣ መ ብላ አሳየችኝ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመች።

"አንቺ ነሽ ያልሽኝ።"

"እኔ? መቼ?" አልኩ። አይ እኔ! እንዲያ ሲዋሹ ቢያንስ ዓይን ይሰበራል እኮ።

ዓይኗን ጨፈነች። ልጄ ስትናደድ የምታደርገው ይኼን ነው። የምትሰማ ልጅ ብታኮርፍ ከበር ውጭ ቆሜ ስለፈልፍባት ውዬ ልቧን አደክማለሁ። ይቺ ዓይኗን ከጨፈነች ግን አለቀ፤ እጄን ባወዛውዝ ማን ያየኛል? ሁለት ቀን እንዲህ ዋልን። ራት ላይ ጎረስ ታደርግና ትጨፍናለች። ባሌ በስልክ በቪዲዮ ደውሎ "ምነው ልጅቷ ታንቀላፋለች?" ብሎ ጠየቀኝ። ክፍል ውስጥ ደግሞ ዓይኗን አፍጥጣ እያንዳንዷን ጣቴን ትፈትሻለች፤ ባሌ ሞጆ ላይ የሚያማርርባቸው የጉምሩክ ፈታሾች እንኳ እንደሷ አይፈትሹም።

ዓርብ ከሰዓት "ከልጅዎ ጋር ቢሮ ይምጡ" ተባልኩ። ስንገባ የአማርኛ መምህሩ ተቀምጧል። የልዩ ክፍሏ መምህርት ለሥልጠና ወጣ ብላ ስለነበር፣ የሚያስተረጉም ሌላ ሰው የለም፤ ያው እኔ ነኝ። ርዕሰ መምህሯ ሰላምታውን ዛሬ አሳጠሩት። ያኔ ነው ነገሩ እንደከረረ የገባኝ። ልጄ ከደብተሯ መሃል የታጠፈ ወረቀት አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ገልጠው የመጀመሪያውን መስመር አነበቡ፤ ከመነጽራቸው በላይ አንድ ጊዜ አዩኝና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

"መምህሩ አራተኛ ክፍል ትመለስ ብሏል። ከመወሰኔ በፊት ከራሷ መስማት እፈልጋለሁ። ትናገር፤ እርስዎ ይተርጉሙ" አሉኝ።

ለልጄ ነገርኳት። እጇን ጠራረገችና ጀመረች። የመጀመሪያዋ ቃል ስትወጣ ማለስለሻ ፍለጋ ገባሁ።

"እንግዲህ ልጄ የምትለው..." አልኩ፣ ጉሮሮዬን እየጠረግሁ፣ "ያው እናቴ አንዳንድ ጊዜ ይደክማታል፣ ትሳሳታለች፣ ሰው ነችና..."

"እንደሱ አይደለም" አሉ ርዕሰ መምህሯ። "'ልጄ የምትለው' የለም። እሷ 'እኔ' ስትል እርስዎም 'እኔ' ይበሉ። ያለችውን ብቻ።" ጣታቸውን ወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ አሳረፉ።

ለካ የምትናገረውን ሁሉ አስቀድማ ጽፋዋለች! እንዳልቀንስባት፣ እንዳልጨምርባት ጽፋ ለዳኛዋ ሰጥታብኛለች። ልጄን አየኋት። ዓይኗን አልጨፈነችም፤ እየጠበቀችኝ ነው።

"እናቴ ትዋሻለች" አልኩ።

ድምፁ የራሴ ነው። እሷ በእጇ ትላለች፣ እኔ በአፌ እላለሁ፣ የርዕሰ መምህሯ ጣት መስመር በመስመር ይወርዳል።

"አንድ ልጅ ወደቀ አለችኝ። ማንም አልወደቀም። የሳቁት በእኔ ነው። 'ሳመ' ያለችኝ እናቴ ናት። ድገሚው ስላት ደገመችው። ምክር እንደማይሳም አውቃለሁ፤ ግን አስተርጓሚዬ እሷ ናት። እኔ የተባልኩትን ነው የጻፍኩት።"

መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። "እትዬ፣ እውነት ነው?"

"እውነት ነው" አልኩ፤ ይኼኛው የራሴ ነበር። ልጄ ምን እንዳልኩ በዓይኗ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ራሷን ነቅንቃ ቀጠለች።

"ዲዳ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እናቴ ስለደበቀችው አልጠፋም። ቀልዱ ግን ጠፋብኝ። ሁሉም ሲስቅ እኔ ብቻ ምክንያቱን አላውቀውም። አራተኛ ክፍል አልመለስም። ሌላ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።"

ከዚያ እጇ አንዲት ነገር ጨመረ። አየኋት፣ በደንብ ነው ያየኋት። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ለፍላፊዋ! ርዕሰ መምህሯ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ጣታቸውን እንዳሳረፉ ናቸው። ልጄም የምታየው እኔን አይደለም፤ ያንን ጣት ነው።

"አለቀ?" አሉኝ።

"አላለቀም" አልኩ። ትንፋሼን ሰበሰብኩ። "እናቴ ክፍል ስትገባ አፍራለሁ።"

ጣቱ ተነሳ። ልጄ ተነፈሰች። መምህሩ ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ሲያነብ ቆየና "ይኼን ማን ጻፈው?" አለ። ማን ይጽፈዋል! የቤት ሥራዋን ሁሉ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አንዱን ቃል እያሰረዝኩ፣ ሌላውን እያስጨመርኩ ስለማሠራት፣ ሰውዬው የእሷን ጽሑፍ እስካሁን አይቶት አያውቅም። እጁ በልማድ ቀይ እስክሪብቶውን ከኪሱ መዘዘ። "አፍራለው" ብላ የጻፈችውን "አፍራለሁ" ብሎ አረመ፣ ሁለት ቦታ አራት ነጥብ ጨመረ፣ ከላይ "9/10" ብሎ ጻፈ። ከዚያ ምን እንዳደረገ ሲገባው እስክሪብቶውን ደበቀ።

"'ለው' እና 'ለሁ'ን ክፍሉ በሙሉ ነው የሚሳሳተው" አለ። "ይቺ ልጅ የትም አትመለስም። ወረቀት ሳነብም ከእንግዲህ ዝም ብዬ ነው።"

ርዕሰ መምህሯ መዝገባቸውን ገለጡ። የልዩ ክፍሏ መምህርት በአማርኛና በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እየመጣች ታስተረጉማለች፤ በእነዚያ ሰዓቶች ሕፃናቱን እሳቸው ራሳቸው ይይዛሉ። የቀሩት መምህራን ፊታቸውን ወደ ልጆቹ አዙረው ይናገሩ፣ ዋና ዋናውን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። "እርስዎም" አሉኝ፣ "ከሰኞ ጀምሮ ሱቅዎን ይክፈቱ። እግዜር ይስጥልን፤ በቃዎት።"

ይኼንንም መተርጎም ያለብኝ እኔ ነኝ። አንዷንም ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩላት፤ አምስተኛ ክፍል መቅረቷን፣ መምህርቷ መምጣቷን፣ የእኔን መሰናበት። ልጄ ከወንበሯ ብድግ ብላ በሁለት እጇ፣ በፊቷ፣ በትከሻዋ ጭምር ተናገረች። እንደዚያ ፈክታ ካየኋት ስንት ጊዜዬ!

"ምን አለች?" አሉ ርዕሰ መምህሯ።

"በጣም ደስ ብሎኛል" አልኩ። እንባዬ ግጥም ብሎ መጣ።

መነጽራቸውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው አዩኝ። "እሷ ናት ወይስ እርስዎ?"

"እሷ ናት" አልኩ። "እኔ ገና ነኝ።"

ልጄ እጅጌዬን ጎተት አድርጋ ምን እንዳልኩ ጠየቀችኝ። ሳልቀንስ ነገርኳት።